ዲጂኖው እስኪገኝ፦ የዘገየ የአበባ ሽንኩርት ተከላ ማስታወሻ

ኦክቶበር 12፣ 2024፣ ቅዳሜ

ያዘዝኩት ካርቶን ዛሬ ደረሰ። 60 ዳፎዲል፣ 40 ቱሊፕ፣ አንድ ከረጢት ክሮከስ፤ ሦስቱም የአበባ ሽንኩርቶች ናቸው። ለዘር የሚሆን ነጭ ሽንኩርትም አለበት፤ አንገቱ ጠንካራ የሆነው ዓይነት። ይህ ዓይነት ብርድ ስለሚችል ለሜሪላንድ ይስማማል።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ የአበባ ሽንኩርት የሚተከለው በመጸው ነው። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥር ይሰዳል፣ የብርዱን ወራት መሬት ውስጥ ያሳልፋል፣ በጸደይ ያብባል። ብርዱ የግድ ነው። ቱሊፕ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ገደማ ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መቆየት አለበት። ይህን ካላገኘ ወይ ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ ወይ አበባው አጭር ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል። ዘመዶቹ የመካከለኛው እስያ ተራሮች ላይ የበቀሉ ናቸውና ረጅም ብርድና ደረቅ በጋ በተፈጥሮው ይፈልጋል።

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ለአንድ ጉዳይ ነው። በየዓመቱ የማውቃቸው ሰዎች በጉጉት ያዙትን የአበባ ሽንኩርት ጋራዥ ያስቀምጡና ዛሬ ነገ ሲሉ ጸደይ ይገባል። ከረጢቱ ሲከፈት ውስጡ ደርቋል ወይም በስብሷል። ብዙውን ጊዜ ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም። የሚተክሉበት ሰዓት ሲያገኙ መቆፈሪያው የለም። መቆፈሪያው ሲገኝ ሰዓቱ የለም። ስለዚህ ዘንድሮ ከተከላው ቀድሜ የመሣሪያውን ነገር መስመር ላስይዝ ነው።

አፈሩ ገና ሞቃት ስለሆነ አልቸኮልኩም። ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ነው የሚተከለው። የዳቦ ቴርሞሜትር አፈር ውስጥ ወግቼ አየሁ፤ አልደረሰም። ካርቶኑን ከፍቼ አየር እንዲያገኝ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ፕላስቲክ ውስጥ ታፍኖ እንዲቆይ አልፈልግም፤ ይሻግታል።

ከዚያ መሣሪያ ፍለጋ። ትንሿ የእጅ አካፋ የለችም። ክቡ መትከያ የለም። ጓንቱ አንድ እግሩ ብቻ አለ። ዲጂኖው የለም። ዶማው አለ፤ እጀታው ግን ይነቃነቃል።

ኦክቶበር 19፣ ቅዳሜ

ጋራዡን ከዳር እስከ ዳር መበርበር አደከመኝ። ስለዚህ ዘዴውን ቀየርኩ። «የት ነው ያለው?» ማለቱን ትቼ «መጨረሻ ላይ ምን ስንሠራበት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። የአትክልት መሣሪያ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የተቋረጠበት ቦታ ላይ ነው። ስልክ ይደወላል፣ ልጅ ይጣራል፣ ዝናብ ይመጣል። ሰውዬው ይገባል፣ መሣሪያው እዚያው ይቀራል። ከዚያ አረም ይበቅልበታል።

ይህ አካሄድ ወዲያው ሠራ። ትንሿ አካፋ መጨረሻ የተሠራባት ቃሪያው ሲኮተኮት ነው። ቃሪያው ዙሪያ ያለውን አረም ሳነሣ ብቅ አለች። ብረቷ ዝጓል፤ እጀታዋ አረንጓዴ ስለሆነ ከሳሩ መለየት ያስቸግራል። አምራቾች የአትክልት መሣሪያን ለምን አረንጓዴ እንደሚቀቡት እስካሁን አይገባኝም። ሳር ላይ የሚወድቅ ነገር ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነው መሆን ያለበት።

ክቡ መትከያ መጨረሻ ያገለገለው ልጆቹን ነው። ጭቃ እየቆረጡ «ዳቦ» ሲጋግሩበት ነበር። ልጄን ስጠይቃት ሳታስብ ወደ በረንዳው ሥር ጠቆመች። እዚያው ነበር፣ ጭቃው ደርቆበት። ሁለተኛው ጓንት ደግሞ በባለቤቴ መኪና ኮፈን ውስጥ ተገኘ፤ ጎማ ሲቀይር አድርጎት ነበር።

የቀረው ዲጂኖው ነው። ለአበባ ሽንኩርት ዲጂኖ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። የኛ ጓሮ ሸክላ አፈር ነው። ዘንድሮ ደግሞ ኦክቶበር ከገባ ጠብ የሚል ዝናብ አልዘነበም። መሬቱ እንደ ጡብ ሆኗል። ክቡን መትከያ ሞክሬው ሁለት ጣት ያህል እንኳ አልገባም፤ ብረቱ መጣመም ሲጀምር ተውኩት።

ኦክቶበር 23፣ ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን ለየት አድርጌ ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ለሐበሻ ቤት በጣም የሚያስፈልግ ነገር ነው።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር ናት። ለወጥ ሽንኩርት ፈልጋ ጋራዥ ወረደች። ሽንኩርቱንም የምናስቀምጠው እዚያው ነው። አንድ ዳፎዲል ይዛ ወጣች። ቢላዋ ከማንሣቷ በፊት አሸተተችውና ጠራችኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሽንኩርት ምነው ሽታ የለውም?»

«እማዬ፣ እሱ አይበላም። የአበባ ነው። መርዝነት አለው።»

«ታዲያ ከምግብ ጋር ምን ያደርጋል?»

ልክ ናት። ዳፎዲል ላዩ ቡናማ ልጥ ያለው፣ ክብ፣ መካከለኛ ሽንኩርት የሚያህል ነገር ነው። ላይኮሪን የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር አለው። የበላው ሰው ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል። በተለያየ አገር ከሽንኩርት ጋር ተሳስቶ የተበላበት ጊዜ አለ። መለያው እናቴ ያደረገችው ነው፤ የእውነት ሽንኩርት ሲቧጨር ይሸታል፣ ዳፎዲል ያንን ሽታ አይሰጥም። ይሁንና በማሽተት ብቻ መተማመን አያስፈልግም። ካርቶኑን ከምግብ ክፍል አውጥቼ በትልቅ ቀይ ጽሑፍ «አይበላም» ብዬ ጽፌበታለሁ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ወጥቷል።

ይህ መርዝነቱ ጓሮ ላይ ይጠቅመናል። አጋዘንም ሽኮኮም ዳፎዲልን አይነኩም። ቱሊፕን ግን ይወዱታል።

ቱሊፕን ደግሞ ከፖም አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም። ፖምና ሙዝ ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ያ ጋዝ ሽንኩርቱ ውስጥ አስቀድሞ የተፈጠረውን ትንሽ አበባ ይገድለዋል። አዲስ አበባ ያለች እህቴ ቱሊፕ መትከል እንደምትፈልግ ስትነግረኝም ያልኳት ይህንኑ ነው። እዚያ አፈሩ የሚፈለገውን ያህል አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ብርዱን ፍሪጅ ውስጥ መስጠት ያስፈልጋል፣ ወደ 14 ሳምንት፣ በወረቀት ከረጢት፣ ከፍራፍሬ ርቆ።

ኦክቶበር 27፣ እሑድ

ዲጂኖው የት እንዳለ ታወቀ። እዚህ ሰፈር ያሉ አንድ ጋሼ በበጋ የአጥር ቋሚ ሲያቆሙ ወስደውት ነበር። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ያ ዲጂኖ እርስዎ ጋ ይሆን?»

«እኔ ጋ ነበር፣ ልጄ። ልጄ አሌክሳንድሪያ ቤቱን ሲያድስ ወሰደው። አስመጣልሻለሁ።»

ስለዚህ ዲጂኖው ቨርጂኒያ ነው። ቅሬታ የለኝም። ሰፈሩ ውስጥ ሐበሾች መሣሪያ ተዋውሰን ነው የምንሠራው፤ ሁሉም ቤት ሁሉንም መግዛት የለበትም። ግን የተዋሰው ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ ያስፈልጋል። ጋራዡ በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌ እርሳስ አንጠልጥያለሁ። መሣሪያው፣ የወሰደው፣ ወሩ። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ጋሼ ስልኩን ሳይዘጉ አንድ ምክር ሰጡኝ። «ዲጂኖ ይዘሽ ከመምታትሽ በፊት መሬቱን አጠጪው። ማታ አጠጪ፣ ጠዋት አትንኪው፣ በማግስቱ ቆፍሪ።» ጎጃም አባታቸው ማሳ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። ያሉኝን አምናለሁ።

የተከላው ቅደም ተከተል ላይ ዛሬ ወሰንኩ። ጊዜ እያጠረ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ቀን አይሆንም። ዳፎዲል ሥር መስደድ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው፤ እሱ መቅደም አለበት። ነጭ ሽንኩርትም መሬቱ ከመጠንከሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት ቢገባ ይወዳል። ክሮከስ ከእነሱ ጋር ይሄዳል። ቱሊፕ ግን ይታገሣል። እንዲያውም ዘግይቶ ቢተከል የሚሻልበት ምክንያት አለ፤ ቅጠሉን የሚያቃጥል የቱሊፕ ሻጋታ ሞቃትና እርጥብ አፈር ላይ ይበረታል፣ በብርድ ግን ይዳከማል። ስለዚህ «ኦክቶበር አለፈ፣ አበቃልኝ» ብሎ ቱሊፕ መጣል ያሳዝነኛል። መሬቱ ዶማ እስካስገባ ድረስ ይተከላል።

ኖቬምበር 3፣ እሑድ

ዛሬ እዚህ አሜሪካ እንደየዓመቱ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። ከነገ ጀምሮ ከሥራ ስንመለስ ጨለማ ነው። ተከላ ከእንግዲህ የቅዳሜና እሑድ፣ ወይም የበዓል ቀን ሥራ ሆኗል። ዲጂኖው አልመጣም።

በነጻ ስልክ 811 ደውዬ የመሬት ውስጥ መስመሮችን እንዲያሳዩኝ ጠይቄ ነበር፤ ባንዲራዎቹ ተተክለዋል። ቢጫ ጋዝ ነው፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ቀይ መብራት፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት፣ አረንጓዴ ፍሳሽ። ቢጫው መስመር ዳፎዲል ላደርግበት ባሰብኩት የፊት ለፊት መደብ ሥር ያልፋል። ብረት ይዞ ሸክላ የሚመታ ሰው ይህን ሳያውቅ መጀመር የለበትም። መደቡን ወደ ጎን፣ ወደ ሜፕሉ ዛፍ አዛወርኩት። ዛፉ ቅጠል የሚያወጣው ዳፎዲሉ ካበበ በኋላ ስለሆነ ፀሐይ አይከለክለውም።

ኖቬምበር 11፣ ሰኞ

የአርበኞች ቀን ነው፣ ሥራ የለም። ተከልን!

ቅዳሜ ማታ የውሃ ጎማውን በቀጭኑ ከፍቼ መደቡ ላይ አሳድሬው ነበር። ትናንት ማታ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ የጠፋው ዝናብ መጣ። ብዙ አይደለም፤ የላዩን አቧራ አረጠበው እንጂ ወደ ታች አልዘለቀም። ጎማው ባያርሰው ዛሬም መሬቱ አይበገርም ነበር። ጋሼ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዲጂኖውን በር ላይ አደረሱልኝ። በስማቸው አንጻር «ተመልሷል» ብዬ ጻፍኩ።

ሥራው እንዲህ ሄደ። ባለቤቴ በዲጂኖ አፈሩን ሰነጠቀ፣ እኔ በዶማ አነሣሁ፣ ልጆቹ ድንጋይ ለቀሙ። አንድ አንድ ጉድጓድ መቆፈሩን ትተን አንድ ሰፊ ቦታ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገን አወጣን። በእንዲህ ያለ መሬት ይሄ ይሻላል። ሸክላ ውስጥ በክብ መትከያ የተቆፈረ ጠባብ ጉድጓድ ግድግዳው ይለሰልሳል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል። ሰፊ መደብ ሲሆን ግን ብስባሹን ከአፈሩ ጋር አደባልቆ ውሃው እንዲሰርግ ማድረግ ይቻላል።

ጥልቀቱ የሽንኩርቱ ቁመት ሦስት እጥፍ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዳፎዲል 15 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ክሮከስ ትንሽ ስለሆነ ከ7 እስከ 10 ይበቃዋል፤ እሱን ዳፎዲሉ ላይ አፈር ከመለስን በኋላ ከላዩ ደረደርነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ በተለያየ ፎቅ ይኖራሉ። ሾጣጣው ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች። ትንሹ ልጄ ጥቂቶቹን በጎናቸው አስተኝቷቸዋል። ተውኳቸው፤ በቀሉ የሚወጣበትን አቅጣጫ ራሱ ያገኘዋል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ።

እናቴ ነጭ ሽንኩርቱን ያዘች። ማንም እንዲያግዛት አልፈለገችም። ራሱን እየፈለቀቀች ትልልቁን ፍሬ ለተከላ፣ ትንንሹን ለድስት ለየች። ልጡ እንዲላቀቅ አልፈቀደችም፤ ልጡ የተላጠ ፍሬ አፈር ውስጥ ቶሎ ይበላሻል። 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት። እጇን ለመለኪያ ተጠቀመች፤ እኔ በሜትር ሳረጋግጥ ልዩነት አልነበረውም።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? እሷ ዛሬ ስንጨርስ ያንኑ እያለች የአጥንት ቅቅል ሠራችልን። በእኛ ጥቅምት እንኳ አልፏል፤ ኅዳር 2 ነው። ብርዱ ግን የደብረ ብርሃንን ያህል ገና አልሆነም ትላለች።

ቱሊፑ ይቆያል። ፀሐይዋ ገባች።

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ ምንም አልተከልኩም። መሣሪያዎቹን ነው የሠራሁት። ይህን ቀን ከተከላው ቀን ያነሰ አልቆጥረውም።

የዛገችውን አካፋ አቼቶ ውስጥ አሳደርኳት። ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ስፈትጋት ዝገቱ በቀላሉ ለቀቀ። በሳሙና ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀባኋት። አሲዱ ካልታጠበ ብረቱን መብላቱን ይቀጥላልና ማጠቡ አይዘለልም። ጠርዟን በሞረድ ሳልኩት። የተሳለ አካፋ ሸክላ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ጉልበት ያድናል።

የዶማው እጀታ ደርቆ ስለነበር ነው የሚነቃነቀው። አዲስ ሽብልቅ አስገባሁና የእንጨቱን ክፍል በብርጭቆ ወረቀት አለሳልሼ የተልባ ዘይት አጠጣሁት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፣ ራሱ በራሱ እሳት ሊነሣበት ይችላል። ጨርቁን ውጭ ሲሚንቶው ላይ ዘርግቼ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ጋራዥ ውስጥ ጠቅልሎ ይጥለዋል።

ቀጥሎ ቀለም። የሁሉንም እጀታ ጫፍ ብርቱካናማ ቀባሁት። አካፋ፣ ዶማ፣ ዲጂኖ፣ መቀስ፣ ክቡ መትከያ። ሳር ላይ ቢወድቅ ከበረንዳ ይታያል። ልጆቹም «ብርቱካናማ ያለው ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል» የሚለውን ያለ ብዙ ማብራሪያ ተቀበሉት።

ከዚያ ግድግዳው። ጣውላ ሰቅዬ ሚስማር መታሁና እያንዳንዱን መሣሪያ አንጠልጥዬ ዙሪያውን በእርሳስ ሣልኩት። አሁን አካፋው ከሌለ የአካፋ ቅርጽ ባዶውን ይታያል። የጎደለው ነገር በዚያኑ ማታ ይታወቃል፣ ፍለጋውም ሥራው የተቋረጠበት ቦታ ገና ከአእምሮ ሳይጠፋ ይደረጋል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ማስታወስ ከባድ ነው።

ትንንሾቹን ግን ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩም። ጓንት፣ ገመድ፣ መቀስ፣ ምልክት መጻፊያ፣ የእጅ አካፋ፤ እነዚህ ባልዲ ውስጥ ገብተው ከኋላው በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ምክንያቱ ብርሃኑ ነው። በዚህ ወቅት ትርፍ ግማሽ ሰዓት የሚገኘው በድንገት ነው። ያን ግማሽ ሰዓት ጋራዥ መክፈትና ዕቃ መልቀም ከበላው ተከላ የለም። ባልዲው እጅ ላይ ከሆነ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብዙ ቱሊፕ መሬት ይገባል።

ኖቬምበር 29፣ ዓርብ

የምስጋና ቀን ማግስት። እንግዶች ስላሉ አልቆፈርንም። የነቢያት ጾምም ገብቷል፤ ቤቱ በሽሮ ሽታ ታውዷል። ቱሊፖቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። በጣት ሲጫኑ የሚጠነክሩት ደህና ናቸው። ቡናማው ልጥ መላቀቁ አያሳስብም። ጥቂቶቹ ላይ ሰማያዊ ሻጋታ አለ፤ ላዩ ላይ ብቻ ስለሆነና ሥጋው ስላልለሰለሰ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ መለስኳቸው። የለሰለሱትንና በእጅ ሲመዘኑ ባዶ የሆኑትን ጣልኩ። አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው።

ዲሴምበር 7፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከዜሮ በታች ነበር፣ መሬቱ ላይ ስስ ቅርፊት ውርጭ ሠርቷል። ቅርፊቱ ከጣት ውፍረት አይበልጥም፤ ሥሩ ለስላሳ ነው። ፀሐይ እስኪመታው ጠብቀን ጀመርን። የኖቬምበሩ ዝናብ ዘልቆ ስለገባ ዲጂኖ አላስፈለገም።

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ «አሁን? በዲሴምበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ስሌቱ ቀላል ነው። ከዛሬ 14 ሳምንት ቢቆጠር የማርች አጋማሽ ነው። እስከዚያ አፈሩ ብርድ ነው። ቱሊፑ የሚያስፈልገውን ያገኛል። የሚጎዳው ከረጢት ውስጥ እስከ ጸደይ ቢቆይ ነው፤ ያን ጊዜ ብርዱም ሥሩም ያመልጠዋል።

20 ሴንቲ ሜትር አወረድናቸው። ጠለቅ ያለ ቱሊፕ ሽኮኮ በቀላሉ አይደርስበትም። ከላይ የዶሮ ሽቦ ዘረጋንና ጠርዙን በድንጋይ ያዝነው። ሽኮኮ የሚስበው አዲስ የተቆፈረ አፈር ነውና የወዳደቀውን የሽንኩርት ልጥም አንድ ሳይቀር ለቀምን፤ ሽታው ይጠራቸዋል። በሳር ማጨጃው የፈጨነውን የሜፕል ቅጠል አለበስነው። አጋዘኑን ሽቦው አይመልሰውም፤ እሱ የሚመጣው ቡቃያው ሲወጣ ስለሆነ ለዚያ ጊዜ መረብ አዘጋጅቻለሁ።

የተከልንበትን በሥዕል መዝግቤ ባልዲው ውስጥ በላስቲክ አድርጌ አስቀመጥኩ። በሐምሌ ምንም የማይታይበት ቦታ ላይ ዶማ ማሳረፍ የአበባ ሽንኩርት ትልቁ ጠላት ነው።

ጃንዋሪ 7፣ 2025፣ ማክሰኞ

ገና። ትናንት በዋዜማው ከባድ በረዶ ጣለ፣ ቅዳሴ የሄድነው መንገድ እየጠረግን ነው። እናቴ ለተከልናቸው ተጨነቀች። በረዶው ይጠቅማቸዋል አልኳት። እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ አፈሩ በአንድ ጊዜ እንዳይቀዘቅዝና እንዳይሟሟ ይይዘዋል። ሥሩን የሚጎዳው ያ መመላለስ ነው።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ክሮከሱ አልፏል፣ ዳፎዲሉ እየፈነዳ ነው። በጎናቸው የተኙትም ወጥተዋል። ነጭ ሽንኩርቱ መስመሩን ጠብቆ ቆሟል። ቱሊፑ ገና የጣት ጫፍ ያህል ነው። ሽቦውን አንሥቼ የአጋዘኑን መረብ ተከልኩ።

ኤፕሪል 27፣ እሑድ

ፋሲካ ካለፈ ሳምንት ሆነ። ቱሊፖቹ ከፈቱ። በመጸው መጀመሪያ ከተከሉት ጎረቤቶች ዘግይተዋል፣ ቁመታቸውም ትንሽ አጠር ብሏል። አበባቸው ግን ሙሉ ነው። በዲሴምበር መትከልን ለሚጠራጠር ሰው ይህን መደብ አሳየዋለሁ።

የዳፎዲሉ አበባ ደርቋል። የደረቀውን ራስ ቆርጫለሁ፣ ቅጠሉን ግን አልነካሁም። የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚሠራው በዚህ ቅጠል ነው፤ ራሱ ቢጫ ሆኖ እስኪተኛ ስድስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። እናቴ መደቡ ዝርክርክ መሰለኝ ብላ ልትጠቀልለው ነበር። መጠቅለልም ብርሃን ይከለክለዋል፤ ታገሺኝ አልኳት።

ጁላይ 5፣ ቅዳሜ

ነጭ ሽንኩርቱ ዛሬ ተነቀለ። የታችኞቹ ቅጠሎች ሲደርቁ የላዮቹ ገና አረንጓዴ ሆነው ሳለ ነው ጊዜው። በእጅ ከተሳበ አንገቱ ይበጠሳልና በሹካው አካፋ ከሥሩ አነሣነው። አሁን ጋራዡ ውስጥ፣ ጥላና አየር ባለበት፣ በነዶ ታስሮ ተሰቅሏል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይደርቃል። በጁን የቆረጥነው የአበባ ዘንጉ ለጥብስ ግሩም ነበር።

የዘንድሮውን ትእዛዝ አስቤ ጨርሻለሁ። ዳፎዲል እጨምራለሁ፤ በየዓመቱ ራሱን ያባዛል፣ አጋዘንም አይነካውም። ቱሊፕ እቀንሳለሁ፤ በኛ እርጥብ በጋና ሸክላ አፈር ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ይዳከማል፣ በየዓመቱ አዲስ መግዛት ይጠይቃል። ነጭ ሽንኩርት አልገዛም። እናቴ ትልልቆቹን ራሶች ለዘር መርጣ ለይታለች።